«ኤዲ» ተለጠፈብኝ፣ የሐኪም ወረቀት ልግዛ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሜስተር ላይ ነበርኩ። ፋይናል ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው እናቴ በጠና ታመመችና ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተጻፈላት። የሚያስታምማት ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ታናናሾቼ ሕፃናት ናቸው፣ አባቴም እርሻውንና ከብቱን ጥሎ መምጣት አልቻለም። ለማንም ሳልናገር በማግሥቱ ንጋት ተሳፈርኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝታ ወጣች፣ ተመስገን፣ አሁን ቤቷ ናት። ስመለስ ግን ፈተናው አልቋል። ከስድስት ኮርስ ሁለቱ በብሎክ ቀድመው ስላለቁ ቢ ፕላስና ቢ አግኝቻለሁ። ሦስቱ ላይ ኤፍ ተሰጠኝ፣ አንደኛው መምህር ደግሞ ኤንጂ (ኖ ግሬድ፣ ውጤት ገና ያልተሰጠበት) አለኝ። ቦርዱ ላይ ከመታወቂያ ቁጥሬ አጠገብ «ኤዲ» (አካዳሚክ ዲስሚሳል፣ በውጤት ተሰናብታለች ማለት ነው) ተለጥፏል። ሬጅስትራር ስሄድ የሕግ ትምህርት ቤትሽን ጠይቂ ይሉኛል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሬጅስትራር ሂጂ ይለኛል። የእናት ሕመም አይቆጠርም፣ በራስሽ ስም መሆን አለበት ያሉኝ አሉ። አንድ ልጅ በሦስት ሺህ ብር በስሜ የሐኪም ወረቀት እንደሚያስወጣልኝ ነግሮኛል። እስከዚህ ሴሜስተር ሲጂፒኤዬ (ጠቅላላ አማካይ ውጤቴ) 2.90 ነበር። አባቴ እስካሁን ምንም አያውቅም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ወረቀቱን አትግዢ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን፣ ይሄን ግን ዛሬውኑ ለልጁ «ተወው» በይው።

ለምን እንደምል ታውቂዋለሽ፣ የወንጀል ሕግ ወስደሻል። ሐሰተኛ ሰነድ ማሠራትም፣ ሐሰት መሆኑን እያወቁ መገልገልም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። ግን ክሱን ለጊዜው እንተወውና ከፊትሽ ያለውን እንይ። ዩኒቨርሲቲዎች የሐኪም ወረቀት ሲጠራጠሩ ለሰጠው ጤና ተቋም ደብዳቤ ጽፈው ያጣራሉ። የካርድ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ካልተገናኘ፣ ዛሬ የአካዳሚክ ብቻ የሆነው ጉዳይሽ ነገ የዲሲፕሊን ጉዳይ ይሆናል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በውጤት የተሰናበተ ተማሪ የሚመለስበት በር ደንቡ ውስጥ ተጽፎለታል። በማጭበርበር የተባረረ ግን ያ በር ይዘጋበታል፣ ፋይሉም ተከትሎት ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ነገ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ልሁን የምትይ ሰው ነሽ፣ ወይ የጥብቅና ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። እዚያ ሁሉ ቦታ ስለ ሥነ ምግባርሽ ይጠየቃል። ለሦስት ኮርስ ብለሽ ይሄን ሁሉ አታስይዢ።

ደግሞ እኮ የእውነቱ ማስረጃ እጅሽ ላይ ነው! የደብረ ታቦሩ የሪፈር ወረቀት አለሽ። እናትሽ የተኛችበትና የወጣችበት ቀን የተጻፈበት የዲስቻርጅ ወረቀት አለሽ። የመድኃኒትና የላብራቶሪ ደረሰኝ አለሽ፣ የአውቶቡስ ትኬትሽም ሳይጠፋ አይቀርም። ኤቪደንስ (የማስረጃ ሕግ) ክላስ ላይ ስንት ሰዓት የተከራከራችሁበት ነገር ነው፣ አሁን የራስሽ ጉዳይ ሆኖ መጣ። የጎደለሽ ሁለት ወረቀት ብቻ ነው። አንደኛው አስታማሚዋ አንቺ እንደነበርሽ ሆስፒታሉ የሚጽፍልሽ ማረጋገጫ ነው። የአስታማሚ ስም ብዙ ጊዜ ካርድ ላይ ይመዘገባልና ዋርዱ ሄደሽ ጠይቂ። ሁለተኛው ከቀበሌያችሁ የሚመጣ፣ እናትሽ መሆኗንና ቤት ውስጥ ሌላ ለአቅመ አስታማሚ የደረሰ ሰው አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ይሄኛውን አባትሽ ያወጣልሻል። ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

«የእናት ሕመም አይቆጠርም» ያሉሽን ሰዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው። የትኛው አንቀጽ?

የምሬን ነው። ሕግ ተማሪ ሆኖ የራሱን ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግ ሳያነብ አምስት ዓመት የሚጨርስ ሰው ብዛቱ ያሳዝነኛል። የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ እንሸመድዳለን። የውል ይርጋ በአንቀጽ 1845 መሠረት አሥር ዓመት መሆኑን ተኝተን እንኳ እንመልሳለን። የእኛን ዕጣ የሚወስነው ሴኔት ሌጂስሌሽን ግን ዶርም ውስጥ በወሬ ነው የሚተላለፍ። «እንትና ባለፈው ዓመት እንዲህ ተደረገለት» ይባላል። የእንትና ጉዳይ ግን የዚያኔው ጉዳይ ነው፣ ደንቡም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይሻሻላል። አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የውስጥ ጉዳያቸውን በራሳቸው ደንብ እንዲመሩ ሥልጣን ሰጥቷል። ስለዚህ ለአንቺ የሚሠራው የአንቺው ሴኔት ያወጣው ነው። ሬጅስትራር ጠይቂ፣ ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ፣ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይም ይገኛል። የሕግ ትምህርት ቤቱ የራሱ መመሪያ ካለውም አብረሽ ያዢ፣ ምክንያቱም ስለ ኤክስተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ)፣ ስለ ቴሲስና ስለ ሙት ኮርት (የልምምድ ችሎት) የሚያወሩት ነገሮች እዚያ ውስጥ ነው የሚገኙት።

ስታገኚው ከዳር እስከ ዳር እንዳታነቢ፣ ይደክምሻል። ስለ ፈተና መቅረትና ሜካፕ (ማካካሻ ፈተና) የሚለውን፣ ስለ ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ ውጤት) እና ኤንጂ የሚለውን፣ ስለ አካዳሚክ ስታተስ (ማለፍ፣ ማስጠንቀቂያ ወይም ስንብት) የሚለውን፣ ስለ ዊዝድሮዋል (በሥርዓቱ ማቋረጥ) እና ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) የሚለውን አውጪ። አራቱ ክፍል ይበቃሻል። ፈተና የቀረ ተማሪን በሚመለከት ደንቦቹ አብዛኛውን ጊዜ «በቂ ምክንያት» ወይም «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚል ሰፊ ቃል ነው የሚጠቀሙት። ሰፊ ቃል ማለት ደግሞ የሚሞላው በማስረጃ ነው ማለት ነው። በውል ሕግ አንቀጽ 1792 ላይ የተማርሽው ዓይነት ጥያቄ ይነሳል፣ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር ወይ፣ ፈተናውን እንዳትቀመጪ ጨርሶ ከልክሎሻል ወይ የሚል። የአንቺ መልስ ጠንካራ ነው። ደካማው ጎንሽ አንድ ብቻ ነው፣ ሳትናገሪ መሄድሽ። እሱን አንደብቀውም። እንደውም ማመልከቻሽ ላይ ራስሽ ቀድመሽ ትጽፊዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ኤዲ ሆንኩ» ብለሽ አንድ ትልቅ ድንጋይ አድርገሽ ተሸክመሽዋል። ግን ሦስት የተለያየ ጉዳይ ነው። ሦስቱ ኤፎች አንድ ጉዳይ ናቸው። ኤንጂው ሌላ ነው። ስታተሱ ደግሞ ሌላ። የሚወስነው አካል የተለያየ ነው፣ የጊዜ ገደቡም የተለያየ ነው። አንድ ላይ አጣብቀሽ ስለምታቀርቢው ነው ሬጅስትራሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ሬጅስትራሩ የሚገፋሽ። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው እኮ። ውጤት የሚሰጠውና የሚያርመው ትምህርት ቤቱ ነው። ሬጅስትራር የመጣለትን መዝግቦ ስታተስ ያወጣል። ሬጅስትራር ሄደሽ «ኤፉን አንሱልኝ» ብትይ የሚሰማሽ የለም፣ ሥልጣኑም የለውም።

ከስታተሱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ቁጥርሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ኮርሶቹ እኩል አምስት አምስት ክሬዲት ናቸው እንበል፣ በሴሜስተር ሠላሳ። እስካሁን አምስት ሴሜስተር ጨርሰሻል፣ 150 ክሬዲት በ2.90። ይሄ 435 ነጥብ ነው። በዚህ ሴሜስተር ቢ ፕላስ በ3.5 እና ቢ በ3 ቢያዝ፣ ከሁለቱ ኮርስ 32.5 ነጥብ አለሽ። ሦስቱ ኤፍ ዜሮ ናቸው። ኤንጂው ገና ውጤት ስላልሆነ ካልተቆጠረ፣ 32.5 ለ25 ሲካፈል የሴሜስተርሽ ጂፒኤ 1.30 ይሆናል። ኤንጂው እንደ ኤፍ ከተቆጠረ ግን ለ30 ይካፈላልና 1.08 ነው። ጠቅላላሽስ? በመጀመሪያው አቆጣጠር 2.67፣ በሁለተኛው 2.60።

አየሽ? ጠቅላላሽ በሁለቱም መንገድ ለመመረቂያ ከሚጠየቀው 2.00 በላይ ነው። ታዲያ የትኛው ድንጋጌ ነው «ኤዲ» ያደረገሽ? አንዳንድ ደንብ ከመጀመሪያው ዓመት ላለፈ ተማሪ የሴሜስተሩንና ጠቅላላውን አብሮ ያያል፣ ጠቅላላው ደህና ከሆነ ተማሪውን በዋርኒንግ (በማስጠንቀቂያ) ያሳልፈዋል። አንዳንዱ ደግሞ የሴሜስተሩ ጂፒኤ ከተወሰነ ቁጥር ከወረደ ብቻውን ያሰናብታል። የአንቺው የትኛው እንደሆነ የስታተስ ሰንጠረዡን ከፍተሽ ቁጥርሽን አስገቢበት። በተለይ ኤንጂው እንዴት እንደተቆጠረ እይ። 1.30 እና 1.08 መካከል የአንድ ሰንጠረዥ መስመር ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ ያ መስመር ደግሞ ዋርኒንግና ስንብት የሚለያዩበት ሊሆን ይችላል። ሬጅስትራር ውስጥ ያሉት በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ውጤት የሚያስገቡ ሰዎች ናቸው፣ ስህተት ይኖራል። ስለዚህ ለሬጅስትራር የምትጽፊው ደብዳቤ አጭር ነው። «ስታተሴ በየትኛው አንቀጽና በየትኛው ስሌት እንደተወሰነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» ነው የምትይው። ልመና የለበትም፣ ክርክርም የለበትም።

ወደ ኤንጂው ልለፍ። ይሄኛው ቀላሉ ነው፣ ግን ደግሞ በጣም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ልንገርሽ።

እኔ አራተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ኮርስ ላይ ኤንጂ ነበረብኝ። አሳይንመንቴን አስገብቼ ነበር፣ መምህሩ ጋ ጠፋ። «ችግር የለም፣ አስተካክልልሃለሁ» አለኝ። ጥሩ ሰው ነበር፣ አመንኩት። ሴሜስተሩ አለቀ፣ እሱ ለትምህርት ውጭ ሄደ፣ እኔም ረሳሁት። የኤንጂ ማስተካከያ ጊዜ እንዳለውና ካለፈ በራሱ ወደ ኤፍ እንደሚቀየር የሚያውቅ ጓደኛ አልነበረኝም። የአምስተኛ ዓመት የመጨረሻ ሴሜስተር፣ የምረቃ ዝርዝር ሲወጣ ስሜ የለም። ጋውን ተለክቻለሁ። እናትና አባቴ ከገጠር ለመምጣት ትኬት ቆርጠዋል፣ ጎረቤት ጠላ ጠምቋል። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለነበር አንድ ሙሉ ዓመት ጠብቄ፣ ከታናናሾቼ ጋር ተቀምጬ ወስጄው ተመረቅሁ። አባቴ ያን ቀን ስልኩን አልዘጋብኝም፣ ዝም ብሎ ነበር የሰማኝ። ዝምታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ይሄን ዓምድ የጀመርኩትም ሌላ ተማሪ እንደዚያ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ስለዚህ ኤንጂ የሰጠሽን መምህር ነገ ሂጂና አመስግኚው። ከሦስቱ የተለየው እሱ ኤፍ ከመጻፍ በፊት «ይቺ ልጅ የት ሄደች» ብሎ አስቧል። ቢሮው ስትሄጂ በቃል ብቻ አታውሪ። የሜካፕ ጥያቄሽን በጽሑፍ ስጪው፣ ቀኑን አስፈርሚበት። ኤንጂው የሚስተካከልበት የመጨረሻ ቀን በአካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ አለ፣ ስልክሽ ላይ አላርም አድርገሽ ያዢው።

ሦስቱ ኤፎች ላይ ነው ትግሉ። እነዚህ «ተፈትና ወደቀች» ሳይሆን «ሳትፈተን ቀረች» የሚሉ ኤፎች ናቸው። ልዩነቱን አጥብቀሽ ያዢ፣ በየቢሮውም ድገሚው። ተፈትኖ የወደቀ ሰው የሚጠይቀው የወረቀት እንደገና መታረም ነው፣ ያንቺ ጉዳይ እሱ አይደለም። አንቺ የምትጠይቂው በበቂ ምክንያት የቀረሽበት ፈተና ወደ ኢንኮምፕሊት ተቀይሮ ሜካፕ እንድትፈተኚ ነው። ከተፈቀደልሽ ደግሞ ሦስቱ ኤፍ ከስሌቱ ይወጣሉ፣ የሴሜስተሩ ጂፒኤ ለጊዜው ከሁለቱ ኮርስ ብቻ ይሠራና 3.25 ይሆናል፣ «ኤዲ» የሚለው ነገርም መሠረቱ ይናዳል። ስታተሱን ለብቻው ከመታገል ይሄኛው ሥሩን ይነቅለዋል ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ያለሽን ጉልበት ሁሉ አውጪ።

ጥያቄው የሚቀርበው ለሕግ ትምህርት ቤቱ አካዳሚክ ኮሚሽን ነው፣ በዲኑ በኩል። ኤሲ የምትሉት ማለት ነው። ኤሲ በየቀኑ አይሰበሰብም። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጸሐፊዋን ጠይቂያት፣ አጀንዳ ከመዘጋቱ በፊት መግባት አለብሽ። ጸሐፊዋን በትሕትና ያዣት፣ የዚያን ቢሮ አሠራር ከዲኑ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ለቅሶና ልመና አታብዢበት። እንዲህ ብትጀምሪው ጥሩ ነው፦

«ለሕግ ትምህርት ቤት አካዳሚክ ኮሚሽን
ጉዳዩ፦ በበቂ ምክንያት ለቀረሁባቸው ሦስት የማጠቃለያ ፈተናዎች የሜካፕ ፈተና እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ
እኔ አመልካች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ወላጅ እናቴ በጠና ታማ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት ሆስፒታል ስትተኛ ብቸኛዋ አስታማሚ እኔ ነበርኩ። በዚህም ምክንያት በእነዚህ ቀናት በተሰጡት ሦስት ፈተናዎች ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ከመሄዴ በፊት ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ ይገባኝ የነበረ ቢሆንም፣ ሪፈሩ ድንገት ስለተጻፈና በማግሥቱ ንጋት መጓዝ ስለነበረብኝ አላሳወቅሁም፣ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሴኔት ሕጉ አንቀጽ … መሠረት …»

ከዚያ አንቀጹን ትጠቅሻለሽ፣ የምትጠይቂውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስቀምጫለሽ፣ አባሪ ሰነዶችን ቁጥር ሰጥተሽ ትዘረዝሪያለሽ። የእያንዳንዱን ፈተና ቀን ከእናትሽ የሆስፒታል ቀናት ጋር ጎን ለጎን አሳዪ። የኮሚሽኑ አባላት መምህራን ናቸው፣ በአንድ ከሰዓት ብዙ ጉዳይ ያያሉ፣ ቀኖቹን ራሳቸው እንዲቆጥሩ አትጠብቂ። አንድ አባሪ ደግሞ ብዙዎች የሚረሱትን ጨምሪ፣ ያለፉት አምስት ሴሜስተር ውጤትሽን። 2.90 ያላት ልጅ ፈተና ፈርታ እንዳልጠፋች ቁጥሩ ራሱ ይመሰክርልሻል።

ከዚያ መዝገብ ቤት። ይሄን ነገር ስንት ሰው ሲበላሽበት አይቻለሁ። ማመልከቻውን ዲኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እንዳትመጪ። በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በሌላው ላይ «ገቢ» ተብሎ ቀንና ቁጥር ይጻፍበት፣ ማኅተም ይምቱበት። ያ ቅጂ ትራስሽ ሥር ይደር። ነገ «አላመለከተችም» ወይም «ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው ያመጣችው» ቢባል የሚያድንሽ እሱ ነው። ኦሪጅናል የሕክምና ሰነዶቹንም አትስጪ፣ ለማመሳከር አሳይተሽ ኮፒውን ብቻ ስጪ።

ጊዜው አልፎ ከሆነስ? ደንቡ ፈተና ከቀረ በኋላ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት ሊል ይችላል፣ አንቺ ደግሞ ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበርሽ። ሲቪል ፕሮሲጀር (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ) ላይ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው የሚለውን አንቀጽ 323ን ስትማሪ፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው በቂ ምክንያት ካለው በአንቀጽ 326 የሚስተናገድበትም መንገድ እንዳለ ተምረሻል። ኮሚሽኑ በዚያ ሕግ አይመራም፣ ሐሳቡ ግን ለሁሉም ሰው የሚገባ ነው። የዘገየሽበትን እያንዳንዱን ቀን አስረጂ። ከባሕር ዳር ከተመለስሽ በኋላ ያባከንሻቸው ቀናት ካሉ ግን ለእነሱ ምክንያት አትፍጠሪ። ደግሞም ዛሬ ሌላ ቀን አትጨምሪባቸው!

ኮሚሽኑ እምቢ ካለ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቂ። ቃለ ጉባኤው ባይሰጥሽ እንኳ ውሳኔው የተገለጸበት ደብዳቤ ይገባሻል። ከዚያ ቀጥሎ ወዴት አቤት እንደሚባል የሴኔት ሕጉ ይነግርሻል፣ ብዙ ጊዜ ወደ አካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ጎን ለጎን የተማሪዎች ዲንና የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቱን አናግሪ። ውጤት አይቀይሩልሽም፣ ግን ቢሮ ለቢሮ ስትመላለሺ አብሮሽ የሚቆም ሰው ይሆኑሻል። የውስጡን መንገድ ሁሉ ጨርሰሽ አስተዳደራዊ በደል ደረሰብኝ ካልሽ የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እዚያ ግን ቀድመሽ አትሮጪ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ተቋምሽ ውስጥ አቤቱታሽን ጨርሰሻል ወይ» ነው።

ይሄ ሁሉ ካልተሳካስ? ያኔ ሪአድሚሽን አለ። እዚህ ላይ ሰው የሚሠራው ትልቁ ስህተት ተናዶ ክሊራንስ ሳይጨርስ ግቢውን ጥሎ መሄድ ነው። መታወቂያና የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይዞ ይጠፋል፣ የዶርም ቁልፍ አይመልስም፣ በዓመቱ ሲመለስ «መጀመሪያ ክሊራንስህን አምጣ» ይባላል፣ የማመልከቻ ጊዜ እሱን ሲፈልግ ያልፍበታል። አንቺ ክሊራንስሽን በሥርዓቱ ጨርሺ፣ ወረቀቱን ያዢ። የሪአድሚሽን ማመልከቻ ከሴሜስተሩ መጀመሪያ ቀደም ብሎ ነው የሚቀርበው። የምትመለሺውም ያቋረጥሽው ሴሜስተር ሲመጣ ነው፣ የሕግ ኮርሶች ተሰካክተው ስለሚሄዱና ብዙዎቹ በዓመት አንዴ ስለሚሰጡ። ያ ማለት ከባችሽ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትቀሪያለሽ። ኤክስተርንሺፑም፣ ቴሲሱም፣ የመውጫ ፈተናውም ከአዲሱ ባችሽ ጋር ይሆናል። ያማል፣ አውቃለሁ። ግን የመውጫ ፈተና ላይ ሃምሳ በመቶ ለማምጣት ሲባል አንዳንዱ ሰው የሚመኘው ተጨማሪ የንባብ ጊዜም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንቺም፣ ይሄን ለሚያነቡ ለሌሎችም ልበል። ሳትናገሪ ከመሄድና ዊዝድሮዋል ሞልቶ ከመሄድ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ገጽ ፎርም ነው። በሥርዓቱ ዊዝድሮው ያደረገ ተማሪ ኤፍ አይቆጠርበትም፣ ቦታው ይጠበቅለታል። ሬጅስትራር ለመሄድ ጊዜ ባይኖርሽ እንኳ አንዲት ኢሜይል ለአድቫይዘርሽና ለዲኑ፣ ወይም ለክላስ ተወካያችሁ አንድ የቴሌግራም መልእክት፣ «እናቴ ታማ ወደ ባሕር ዳር እየሄድኩ ነው፣ ፋይናል ላይ መድረስ አልችልም፣ ማስረጃ አቀርባለሁ» ብትይ፣ ዛሬ ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ይሆንልሽ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሆነሽ ሁለት ደቂቃ ነው። ምናልባት ያን ሌሊት ለጓደኛሽ የጻፍሽው ነገር ካለ ፈልጊው። ስክሪንሾት አድርጊና ከአባሪው ጋር አያይዢው፣ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን አባትሽ። የገበሬ ልጅ ነኝና የፈራሽው ይገባኛል። «ልጄ ዳኛ ልትሆን ነው» እያለ ገበያ ላይ የሚያወራ ሰው ይሆናል፣ እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ ብለሽ ነው ዝም ያልሽው። ግን እህቴ፣ አባትሽ ሚስቱን ማን እንዳስታመመለት ያውቃል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከአልጋዋ ሥር የተኛሽው አንቺ ነሽ። ይሄን ከቀበሌ የመጣ ሰው ወይም አብራችሁ የተማረች የሠፈር ልጅ ቀድማ ከነገረችው ይከፋዋል፣ ከአንቺ አፍ ከሰማው ግን አይከፋውም። በስልክ አትንገሪው። ለቀበሌው ደብዳቤ ለማንኛውም መሄድሽ አይቀርም፣ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ባሉበት ንገሪያቸው። «ተባረርኩ» ብለሽ እንዳትጀምሪ። «ፈተና አምልጦኝ አቤቱታ እያቀረብኩ ነው፣ ከቀበሌ ወረቀት እፈልጋለሁ» በያቸው። እውነቱም እሱ ነው፣ ጉዳዩ አልተዘጋም። አባትሽ የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ከመበሳጨት ይልቅ ዱላውን ይዞ ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ነገ የሴኔት ሕጉን አግኚ፣ ኤንጂ የሰጠሽን መምህርም አናግሪ። በዚሁ ቀን ለሬጅስትራር አጭሯን ደብዳቤ አስገቢ። የሜካፕ ማመልከቻውን አሁን እጅሽ ላይ ባለው ሰነድ መዝገብ ቤት አስገቢና «የአስታማሚነት ማረጋገጫና የቀበሌ ደብዳቤ በዚህ ቀን አቀርባለሁ» ብለሽ ጻፊበት። ሰነድ እስኪሟላ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ከዚያ ቅዳሜና እሑድን ለአገር ቤት።

የስታተስ ሰንጠረዡን ስታገኚ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እናትሽን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልሽ።